ፒክአፑና የመስታወት ክሩ

ብራክፑት፣ ካሩ
ጃንዋሪ 22

ውድ ሮሊን፣

እንዴት ከርመሻል? ያ ውሃ የማያልቅበት አገር እንዴት ይዞሻል? ጌታ እግርሽን ከእርጥበት፣ ልብሽን ከብርድ ይጠብቅልኝ። እኔን ከጠየቅሽ ከቀኝ ጉልበቴ በቀር ሁሉም ደህና ነው፤ ጉልበቴም ቢሆን የሚያጉረመርመው የአጥር በር ልከፍት ከመኪና በወረድኩ ቁጥር ብቻ ነው።

በዚህ ዘመን ደብዳቤ ጻፈልኝ ብለሽ እንዳትስቂ። እዚህ ስልክ ክልክል መሆኑን ታውቂያለሽ። መሬቴ ላይ የተተከሉት ግዙፍ የቴሌስኮፕ ዲሾች ከሰማይ ጥግ የሚመጣ ሹክሹክታ እያዳመጡ የኔ ስልክ አጠገባቸው ቢጮህ፣ ጸሎት መሃል እንደሚያገሳ ሰው መሆኔ ነው። ቢሮው ውስጥ ኮምፒውተር አለ፤ ጸሐፊዋ ትከሻዬ ላይ ቆማ እያነበበች መጻፍ ግን አልወድም። ስለዚህ መገናኛችን ታኒ ሳና የምታስተዳድረው ፖስታ ቤት ነው። የፖስታ መኪናው ረቡዕ ረቡዕ ይመጣል፤ ሹፌሩ ካልሰከረ።

አሁን ወሬ ልንገርሽ። መሬቱ ለዲሾቹ ከሄደ፣ በጎቹም ከተሸጡ ወዲህ ቁጭ ብዬ ግድግዳ ሳይ ነበር። ከዚያ ሥራ አገኘሁ። ያገኘልኝ አሮጌው ፒክአፔ ነው። የቤንዚን መኪና ካንዴላው እሳት በተፋ ቁጥር ዲሾቹን ይረብሻል፤ የኔው ግን ናፍጣ ነው፣ ካንዴላ የለውም። አባትሽ፣ ወንድሜ ጌርት፣ ነፍሱን ይማረውና፣ «ይህን የሚያስነጥስ በሬ ለምን አትሸጠውም?» ይለኝ አልነበር? አሁን ዲሾቹ አጠገብ ዝር ማለት ከተፈቀደላቸው ጥቂት መኪኖች አንዱ እሱ ነው።

ሥራው እንዲህ ነው። ዲሾቹ የሰሙትን ዲስክ ላይ ይሞሉታል፣ ዲስኮቹን በሳጥን ያሽጋሉ፣ እኔ ኬፕታውን አውሮፕላን ማረፊያ አደርሳለሁ። ከዚያ ወደ ሆላንድ ይበራል፤ እዚያ ሳጥኑን የሚከፍቱት አንቺ ያለሽበት መሥሪያ ቤት ሰዎች ናቸው አሉኝ። እውነት ከሆነ እንግዲህ ሳናውቅ እጅ ለእጅ ስንቀባበል ኖረናል።

ሌላም ነገር ሰማሁ። አንቺ እዚያ የምትሠሪው ጭነቱ በሽቦ እንዲሄድ ነው አሉ። ሽቦው ከሠራ ፒክአፑ ይቆማል አሉ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ ይህን የሰማሁት ከጥበቃው ነው። እስቲ አንቺው ንገሪኝ።

አንድ ነገር ላስቸግርሽ። ክረምት ሲገባ ጠዋት ጠዋት መሪው በረዶ ነው። የመንጃ ጓንት፣ የቆዳ፣ ጣቱ ያልተቆረጠ፣ ካገኘሽ ላኪልኝ።

መውጫሽንም መግቢያሽንም ጌታ ይባርከው።

ኦም ፍሊፕ

*

ድሬንተ፣ ሆላንድ
ፌብሩዋሪ 13

ለተከበሩ ኦም ፍሊፕ፣

አጎቴ፣ ጤናዎን፣ ጉልበትዎንም ጭምር፣ እግዚአብሔር ይጠብቅልኝ። ደብዳቤዎን ያነበብኩት ዝናብ ላይ ቢስክሌቴን ተደግፌ ነው፤ ቀለሙ ሳይፈስ ሁለት ጊዜ ጨረስኩት።

የሰሙት እውነት ነው። ከጥበቃው ከመስማትዎ በፊት እኔ መጻፍ ነበረብኝ። ሹፌሩ እርስዎ መሆንዎን ግን አላውቅም ነበር። ሳጥኖቹ ሲመጡ ክዳናቸው ላይ የኛ አገር አቧራ ይኖራል፤ በጣቴ ነካ አደርገዋለሁ፤ ማን እንዳመጣው ግን ጠይቄ አላውቅም። አፍራለሁ።

መጀመሪያ ነገር፣ ሽቦ አይደለም። ከፀጉር የቀጠነ የመስታወት ክር ነው፣ በውስጡ የሚሮጠው ብርሃን ነው። እሱን የዘረጋሁት እኔ አይደለሁም። መንገዱ አለ፣ ሰፊ ነው፣ አብዛኛውን ጊዜም ባዶ ነው። የኔ ሥራ ከመንገዱ በላይ ያለው ነው። ኮምፒውተሮች ሲላላኩ ሥራው እንደ ፎቅ ቤት በንብርብር የተከፈለ ነው፤ የኔው የማጓጓዣ ንብርብር ይባላል። ጭነቱን ይቆራርጣል፣ ለየቁራጩ ቁጥር ይሰጣል፣ ይልካል፣ ከወዲያ በኩል የጎደለ ካለ ያሟላል። እርስዎም እኔም አጓጓዦች ነን ማለት ነው።

ችግሩ አሮጌው ዘዴ የተሠራው ጠባብ መንገድ በነበረበት ዘመን መሆኑ ነው። ጥቂት ይልክና «ደረሰኝ» የሚል መልስ እስኪመጣለት ይቆማል። ከካሩ እዚህ ደርሶ መመለስ አንዴ ዓይን እንደመጥቀስ ነው። መንገዱ ግን በጣም ሰፊ ስለሆነ፣ በዚያች ጥቅሻ ብዙ ጭነት ማለፍ ሲችል ባዶውን ይቀራል። ትምህርት ቤት ሲዘጋ ፒክአፑ ላይ ይዘውኝ ሲሄዱ የአጥር በሮቹን እከፍት የነበረው ትዝ ይልዎታል? ብቻዎን ሲሆኑ በየበሩ ይቆማሉ፣ ወርደው ይከፍታሉ፣ መኪናውን ያሳልፋሉ፣ ደግሞ ወርደው ይዘጋሉ። እኔ ስኖር ቀድሜ ሮጬ ስለምከፍት መኪናው ሳይቆም ያልፍ ነበር። ዩኒቨርሲቲ ብዙ ዓመት ተምሬ ሥራዬ ያው በር መክፈት ሆነ።

አለቃዬ ቲያርክ የሚባል ረጅም ሽማግሌ ነው። እንደሱ ያለ ሰው አይቼ አላውቅም። ሌላው ሰው ሥራው ላይ ሲጨምር ይውላል፤ እሱ ሲቀንስ ይውላል። ሰሌዳው ላይ የጻፍኩትን እያየ «ይሄ ለምን ያስፈልጋል?» ይለኛል፤ መልስ ካጣሁ ያጠፋዋል። ዘዴው ባነሰ ቁጥር ሲፈጥን ሳይ፣ ይህ ሰው ጎኔ ስለቆመ ብቻ አምላኬን አመሰግናለሁ።

በማርች ሙከራ አለን። ያው አንድ ጭነት በሁለቱም መንገድ ይሄዳል፤ በእርስዎ ፒክአፕና በኔ ክር። በኦገስት ደግሞ ይደገማል። ከዚያ በኋላ በየትኛው እንደሚቀጥሉ ኃላፊዎቹ ይወስናሉ። እንግዲህ ተወዳዳሪዎች ነን፣ ኦም።

ጓንቱን እፈልጋለሁ።

አክባሪዎ ሮሊን

*

ብራክፑት
ማርች 27

ውድ ሮሊን፣

ሰላምታዬ ዛሬ ረዘም ይላል፣ ምክንያቱም አሸንፌያለሁ። እንዴት ነሽ? እንዴት አደርሽ? እንዴት ዋልሽ? ያ ረጅም አለቃሽስ? ቢስክሌትሽስ? ሁሉም ደህና?

ሳጥኑን ጭኜ ሞተር ሳስነሳ ባለመነጽሩ ኢንጂነር ሰዓቱን አይቶ «እኛም ጀመርን፣ ኦም ፍሊፕ» አለኝ። «በርቱ» አልኩት። ጉልበቴን እያሸሁ በሮቹን ሁሉ ከፈትኩ፣ ዘጋሁ። ካልቪኒያ ላይ ነዳጅ ቀዳሁ፣ የሮይቦስ ሻዬን ጠጣሁ፣ ከማደያው ልጅ ጋር ስለ ዝናብ አወራሁ። ኬፕታውን ገብቼ ሳጥኑን አስረከብኩና ከዚያው ወደ ቢሮው አስደወልኩ። «የሽቦውስ ነገር?» ብል፣ «ኧረ ገና ሩቡ ነው የሄደው» አሉኝ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች።

ስመለስ ምክንያቱን ነገሩኝ። ከሙከራው በፊት በነበረው ማዕበል፣ ክሩ ከክር በሚገጥምበት ጫፍ ላይ በዓይን የማይታይ አቧራ ገብቶ ነው አሉ። ፒክአፑን ተደግፌ እንባዬ እስኪወርድ ሳቅሁ። የካሩ ልጅ አቧራ ረሳች! እናትሽ ከመስኮት ደፍ ላይ በየማለዳው በጨርቅ የምትጠርገውን፣ ገንፎሽ ላይ ከስኳሩ እኩል ስትበይው ያደግሽውን አቧራ! ሌላ ሰው ቢረሳው አልፈርድበትም። አንቺ ግን ስትወለጂ የመጀመሪያው ማስነጠስሽ በሱ ነው።

ብቻ ሳሸንፍ ሙሉ ለሙሉ ደስ አላለኝም። ሩቡ ጭነት የኔ ሳጥን አውሮፕላን ሳይሳፈር እናንተ ዘንድ ደርሶ ነበር ማለት ነው። መንገዱን ሁሉ ይህንኑ ሳስብ ሄድኩ። ባሕር ሥር ነው አሉ የሚያልፈው። ያንን ለመግራት የሚታገል ጭንቅላት የኛ የክላስቴ ቤተሰብ ዘር ነው፣ በኔ መኪና ላይ ጥርሱን የነቀለ ነው። ይህን ለማደያው ልጅ ነግሬዋለሁ፤ ለሚቀጥለውም እነግረዋለሁ።

አይዞሽ። የጌታ ጸጋ ይብዛልሽ።

አሸናፊው ኦም ፍሊፕ

*

ድሬንተ
ኤፕሪል 16

ለተከበሩ ኦም ፍሊፕ፣

ሰላምና ጤና ይስጥልኝ፣ እንኳን አሸነፉ። ደብዳቤዎን ለቲያርክ ተርጉሜ አነበብኩለት። የኛን አፍሪካንስና የነሱን ደች ቀላቅዬ ነው፤ ግማሹን በሳቅ ሞላው።

አቧራን ረሳሁ፤ መከላከያ የለኝም። እዚህ ላቦራቶሪው የታጠበ ነው። ርቀቱን አስመስለን ሠርተናል፣ አቧራውን ማንም አላስመሰለም። ማስታወስ የነበረብኝ እኔ ነበርኩ፣ የሌሎቹማ ጥፋት አይደለም።

ያሸነፈን ግን አቧራው ራሱ አይደለም። አቧራው የሚጥለው ከብዙ ሺህ ቁራጭ አንዱን ነው፤ እሱን መልሶ መላክ ቀላል ነው። የጣለን ዘዴያችን ከአሮጌው የወረሰው ልማድ ነው። አንድ ቁራጭ ሲጠፋበት «መንገዱ ተጨናንቋል» ብሎ ይደነግጣል። ፍጥነቱን በግማሽ ይቀንሳል፣ ከዚያ እየፈራ እየፈራ ትንሽ ትንሽ ይጨምራል። ወደ ቀድሞው ሳይደርስ ሌላ ቁራጭ ይጠፋል፤ እንደገና በግማሽ። መንገዱ ግን ባዶ ነበር፣ ኦም። በባዶ መንገድ ላይ ፍሬን እየረገጠ ነው የሄደው።

ልማዱ መጥፎ ሆኖ አይደለም። የጨዋ ልማድ ነው፤ ሁሉም ቢጋፋ መንገዱ ለሁሉም ይዘጋ ነበር። የኔ ጣጣ አቧራን ከጭንቅንቅ መለየት አለመቻሌ ነው። እዚህ ሆኖ ለሚያየው ሰው ሁለቱም አንድ ናቸው፤ ቁራጩ አልመጣም፣ አለቀ። በዚህ ላይ ተኝቼ እነሳበታለሁ፣ መላ አላገኘሁም።

አሁን የከበደኝን ልጠይቅዎ። በኦገስት ክሩ ቢያሸንፍ ይቀየሙኛል? በቀልድ አይመልሱልኝ። መሬቱ ሄዷል፣ በጎቹ ሄደዋል። የቀረዎት መሪው ነው፣ እሱን ደግሞ የምወስድብዎ እኔ ልሆን ነው። እውነቱን ይንገሩኝ።

የጓንቱን ልክ እንዳልስት እጅዎን ወረቀት ላይ ዘርግተው ዙሪያውን በእርሳስ ይከልሉና ይላኩልኝ።

በናፍቆት፣ ሮሊን

*

ብራክፑት
ሜይ 21

ውድ ሮሊን፣

ጌታ ጤናውን አያጉድልብሽ። እኔ ደህና ነኝ፣ ፒክአፑም ደህና ነው፤ የሚያስነጥሰው እንደ ወትሮው ነው።

ያለፈው ጉዳይ ያለቀ ስለሆነ ደግሜ አላነሳውም። ጓንቱም እንግዲህ ያንቺ ፈንታ ነው።

ዛሬ የማወራሽ ስለ ዲሾቹ ነው። ባለፈው ሳምንት ሳጥኑ እስኪታሸግ ደጅ ቆሜ ሳለሁ ሁሉም በአንድ ጊዜ ዞሩ። ድምፅ የላቸውም። ያንን የሚያህል ብረት አንዱ ከአንዱ ሳይቀድም፣ ሳይዘገይ፣ ፊቱን ወደ አንድ አቅጣጫ ሲያዞር ባርኔጣዬን አወለቅሁ። ለምን እንዳወለቅሁ አላውቅም። ባለመነጽሩ አይቶኝ አልሳቀም፤ «እኔም አንዳንዴ እንደዚያ ይሰማኛል» አለኝ። ያ ልጅ መጥፎ ልጅ አይደለም።

ብርዱ ገብቷል። ጉድጓዱ ላይ ያለው ውሃ ጠዋት የበረዶ ቆዳ አውጥቶ ይገኛል።

በጌታ ሰላም ቆዪልኝ።

ኦም ፍሊፕ

*

ድሬንተ
ጁን 13

ለተከበሩ ኦም ፍሊፕ፣

እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ሥራ በዝቶብኛል፣ ስለዚህ በአጭሩ ነው። የኦገስቱ ሙከራ ምናልባት ሊዘገይ ይችላል። መላው አልተገኘም። ጤናዎን ይጠብቁ።

አክባሪዎ ሮሊን

*

ብራክፑት
ጁላይ 3

ውድ ሮሊን፣

ሰላም ለአንቺ ይሁን፤ ምንም እንኳ አንቺ ለኔ የላክሽው ሰላምታ የበግ መድኃኒት ጠርሙስ ላይ ካለው ጽሑፍ ቢያጥርም።

ታኒ ሳና ፖስታውን በእጇ ከፍ ዝቅ አድርጋ መዘነችና «ፍሊፕ፣ ልጅቷን ምን አደረግሃት?» አለችኝ።

«ምንም» አልኳት።

«ምንም ላላደረገ ሰው እንዲህ ያለ ቀጭን ደብዳቤ አይመጣም።»

«አንቺ ፖስታሽን አድይ።»

«አድዬ ሰጥቼህ የለ? ይኸው፣ ባዶውን።»

ቤቴ ገብቼ ከፈትኩት፤ እውነቷን ነው። ሮሊን፣ ምን አጠፋሁ? ጥያቄሽን ኤፕሪል መጨረሻ ላይ በሁለት ገጽ መለስኩልሽ። እንዲያ ረጅም ነገር ከጋብቻዬ ወዲህ ጽፌ አላውቅም። እጄን ደግሞ ታኒ ሳና ራሷ ባንኮኒው ላይ ዘርግታ ከለለችልኝ፤ አውራ ጣቴ ጋ ስትደርስ እየኮረኮረችኝ። የጻፍኩት ካስቀየመሽ ንገሪኝ። ሽማግሌ ሲጽፍ አንዳንድ ቃል ያመልጠዋል። ከቤተሰቡ ደብዳቤ የሚጽፍልኝ አንቺ ብቻ ነሽ። አንቺን ከማጣ ፒክአፑን ባጣ ይሻለኛል፤ ይኸው አልኩት።

ጓንቱ ቢቀር ምንም አይደለም። ካልሲ እጄ ላይ አጥልቄ እየነዳሁ ነው፤ ሌላ ሰው እንዳያየኝ እንጂ ሙቀቱ ደህና ነው።

ኦም ፍሊፕ

*

ድሬንተ
ጁላይ 17

ውድ ኦም ፍሊፕ፣

ሰላምታዬን ከታች ያገኙታል፤ መጀመሪያ ይህን ይስሙኝ። ያ ደብዳቤ አልደረሰኝም። ሁለቱም ገጽ፣ እጅዎም። የት እንደወደቀ ማን ያውቃል። የፖስታ ሹፌሩ ስካር ይሁን አውሮፕላኑ፣ ብቻ አልመጣም።

እኔ ግን መልስ ስጠብቅ የመጣልኝ የሜዩ ነበር። «ያለፈው ጉዳይ ያለቀ ስለሆነ ደግሜ አላነሳውም» ይላል። ያንን ሳነብ ተቀይመው የዘጉብኝ መሰለኝ። «ጓንቱም ያንቺ ፈንታ ነው» ሲሉ ደግሞ ከኔ ምንም አልፈልግም ያሉኝ መሰለኝ። ስለዚህ እኔም ቀነስኩ። ደብዳቤውን አሳጠርኩ፣ ሥራዬን አዘገየሁ፣ ለቲያርክ «መላ የለውም» እያልኩ ስንት ሳምንት ቆየሁ። ፈልጌ አጥቼ ብቻ አልነበረም። ማግኘቱን ፈርቼ ነው። ይቅር ይበሉኝ።

የአሁኑ ደብዳቤዎ ሲመጣ ሁሉንም ጠረጴዛ ላይ ደርድሬ ቁጭ አልኩ። አንዱ ጠፍቷል። ግን የሜዩን ማኅተም አየሁ፤ ከብራክፑት እዚህ የመጣው በወትሮው ጊዜ ነው። የጁላዩም በወትሮው ጊዜ። መንገዱ ተጨናንቆ ቢሆን ኖሮ፣ አንዱ ከመጥፋቱ በፊትም በኋላም ሌሎቹ መዘግየት ነበረባቸው። አልዘገዩም። ከመሃል አንዱ ወደቀ፣ ሌሎቹ እንደ ልማዳቸው መጡ። ማንም አልተቀየመም። አቧራ ነው።

ኦም፣ እኔም እንደዚያ ዘዴ ነው ያደረግኩት። አንድ ነገር ጠፋብኝ፣ ደነገጥኩ፣ ራሴን በግማሽ ቀነስኩ።

ጃኬቴን ሳልለብስ ወደ ቲያርክ ክፍል ሮጥኩ። «ፍሬን መያዝ ያለበት ቁራጮቹ ሲዘገዩ ነው፣ ሲጠፉ አይደለም» አልኩት። «መንገዱ ሲጨናነቅ አስቀድሞ መዘግየት ይመጣል። ሳይዘገይ የጠፋ ነገር ወድቆ ነው፤ እሱን ብቻ መልሶ መላክ ነው።» ተነስቶ ወደ ሰሌዳው ሄደ። ከዚያ «ቁራጭ ሲጠፋ ፍጥነቱን በግማሽ ቀንስ» የሚለው መስመር ላይ ጣቱን አድርጎ «ይሄ ለምን ያስፈልጋል?» አለኝ። «አያስፈልግም» አልኩት። እሱም በእጅጌው አጠፋው። በሌላ አገር ያሉ ሰዎችም ወደዚሁ ሐሳብ እየተጠጉ እንደሆነ ነገረኝ። ደስ አለኝ፤ ብቻዬን ያበድኩ እንዳይመስለኝ።

ተቀባዩም ስለ ደረሰው ሁሉ «ደረሰኝ፣ ደረሰኝ» ማለቱን ትቶ የጎደለውን ብቻ እንዲጠይቅ አደረግነው። ቲያርክ ከቤቱ የአቧራ መጥረጊያ ማሽን ከረጢት ይዞ መጥቶ ክሩ ጫፍ ላይ በጣቱ ነሰነሰ። ያ የተከበረ ሰውዬ፣ ከነክራቫቱ። ቁራጮች እየወደቁ ፍጥነቱ ግን ንቅንቅ አላለም።

ስለዚህ እኔም የጎደለውን ብቻ ልጠይቅዎ። ሁለቱ ገጽ ምን ይሉ ነበር? መልስዎን ሳላነብ ይህን ዘዴ ወደ ካሩ አልክም። ለቲያርክም እንዲሁ ብዬዋለሁ፤ አልተቆጣም።

ሰላምታዬ ይኸው፦ እጅዎን እስማለሁ።

ሮሊን

*

ብራክፑት
ጁላይ 31

ውድ ሮሊን፣

ሁለቱን ገጽ ደግሜ አልጽፍም፤ ያኔ የጻፍኩበት ጣቴ አልቋል። ፍሬውን ልንገርሽ።

አልቀየምሽም። መንዳቱን እወደዋለሁ፣ አልዋሽሽም። ጠዋት ቁልፉን ሳዞር የምፈለግ ሰው ነኝ። እሱ ሲቀር የማዝንበት ቀን ይኖራል፤ ያ ሐዘን የኔ ነው፣ አንቺ አትሸከሚልኝም። ግን መሬቴን ስለቅ ለሰዎቹ ምን እንዳልኳቸው ታውቂያለሽ? «ሰማይን በደንብ እንድትሰሙበት ነው» አልኳቸው። የሰሙት ነገር በኔ ሳጥን ውስጥ ተቀምጦ የኔን ጉልበት እንዲጠብቅ አይደለም።

ከኔ ጋር የሚያቀያይምሽ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ለኔ ብለሽ ፍሬን ከያዝሽ። ያኔ በእውነት እቀየማለሁ፣ ፖስታውም አይጠፋም፣ በአካል መጥቼ ነው የምነግርሽ። አባትሽ ለትምህርት ሲልክሽ ሲያለቅስ ያየሁት እኔ ነኝ። «ሄዳ ቀስ እንድትል ነው እንዴ?» ይለኝ ነበር ቢኖር።

እኔም አለቅልሽም። ሙሉውን እነዳለሁ፣ ካልቪኒያ ላይ ወሬ እንኳ አላወራም። ከቻልሽ አሸንፊኝ።

የጓንቱን ነገር ግን ተይው። ከኦገስት በኋላ ምን ያደርግልኛል።

ዘዴውን ላኪው። ዛሬውኑ።

ኦም ፍሊፕ

*

ድሬንተ
ኦገስት 28

ውድ ኦም ፍሊፕ፣

ሰላም ለቤትዎ ይሁን። ደረሰ። አንድም ቁራጭ ሳይጎድል።

የዚያን ቀን ጠዋት እዚያ ነፋስ እንደነበረ ነግረውናል። ብዙ ቁራጭ ወድቋል፤ ተቀባዩ ጎደለኝ ባለ ቁጥር እየተተካለት ሄደ። የፍጥነቱ መስመር ስክሪኑ ላይ ከጫፍ ጫፍ እንደ ካሩ ሜዳ ቀጥ ብሎ ነበር። ቲያርክ ሄዶ ለሁሉም ኬክ ገዝቶ መጣ፤ ለኔ ትልቁን ቆረሰልኝ። እኔ መታጠቢያ ቤት ገብቼ አለቀስኩ። ግማሹ ደስታ ነው፣ ግማሹን እርስዎ ያውቁታል።

ሳጥንዎ የመጣው ሁሉም ሰው ከረሳው በኋላ ነው። እኔ ነኝ የተረከብኩት። ኬፕታውን ላይ በላስቲክ ጠቅልለውት ስለነበር አቧራው እንዳለ ነው። ላስቲኩን ቀስ ብዬ ሳነሳ፣ ክዳኑ ላይ የመዳፍ አሻራ አየሁ፤ አምስቱም ጣት። የቀለበት ጣትዎ ጫፉ ትንሽ እንደሚጎብጥ ከልጅነቴ አውቀዋለሁ። ስስ ወረቀት አስቀመጥኩበትና ዙሪያውን በእርሳስ ከለልኩት።

ከዚያ ከተማ ሄጄ ጓንቱን ገዛሁ። ቡናማ ነው፣ ጣቱ ያልተቆረጠ። ተይው ብለውኛል፤ እኔ ግን ገዝቼዋለሁ። አሁን ምን ላድርገው?

በዲሴምበር ለእረፍት እመጣለሁ።

ሮሊንዎ

*

ብራክፑት
ሴፕቴምበር 18

ውድ ሮሊን፣

እንኳን ደስ አለሽ። እንኳን ደስ አለን። በዚህ ቤት ብቻዬን ብሆንም ጮክ ብዬ ነው ያልኩት።

እንዴት እንደሰማሁ ልንገርሽ። ሙሉውን ነዳሁ፣ ቃሌን ጠበቅሁ። ካልቪኒያ ስደርስ የማደያው ልጅ እየሮጠ ወጣ።

«ኦም ፍሊፕ፣ ከቢሮ ተደውሏል። የሽቦው ደርሷል ይላሉ፤ ሁሉም። ከፈለግህ ተመለስ ብለዋል።»

«ጎድሎ ወይስ ሙሉ?» አልኩት።

«ሙሉ ነው አሉ።»

ሳቅሁ። ልጁ ግራ ገባው። «ኦም፣ ከሥራ አስወጡህ ማለት አይደለም እንዴ?»

«የቀደመችኝ ማን እንደሆነች ታውቃለህ?» አልኩት።

«አውቃለሁ፣ ሺህ ጊዜ ነግረኸኛል፣ በር ከፋቿ ናት» አለኝ።

ከዚያ ወደ ኋላ ሄጄ ሳጥኑ ላይ እጄን አስቀመጥኩና ትንሽ ቆየሁ። ለምን ያህል እንደቆየሁ አላውቅም፤ ልጁ ነዳጁን ሞልቶ መስታወቱን ጠርጎ ጨርሶ ነበር። አሻራ መተዌን አላየሁም። አልተመለስኩም። የጫንከውን ታደርሳለህ፤ አባቴም ሱፍ ሲጭን እንደዚያ ነበር።

የቢሮው ሰዎች በክብር ነው ያሰናበቱኝ። ባለመነጽሩ ንግግር አድርጎ መሃል ላይ ጠፋበት። ያዘንኩበት ቀን ነበረ፣ አልፏል ባልልሽም እየቀለለ ነው። ፒክአፑ የራሴ ነው፣ ማንም አይወስደውም። ታኒ ሳና ፖስታ የሚያመላልስ የማይሰክር ሹፌር እየፈለገች እንደሆነ ነግራኛለች፤ እያሰብኩበት ነው።

የጓንቱን ጠይቀሽኛል። በፖስታ አትላኪው፣ ይወድቃል። ይዘሽው ነይ። ኬፕታውን ድረስ መጥቼ እቀበልሻለሁ፤ ሰው በቁራጭ አይላክም፣ ለዚያ ገና ፒክአፕ ያስፈልጋል። በመመለሻችን ጉልበቴ ከመኪና አይወርድም። በሮቹን አንቺ ትከፍቻለሽ።

ኦም ፍሊፕ